የሚገዛው በሬው ብቻ አይደለም፣ የጋጠበት ጨፌም ጭምር ነው

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ከአንዲት የአገራችን ሴት ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የጎንደር ነጋዴ ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ያለፈውን ዓመት ሒሳባቸውን አሳዩኝ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደ አገራችን ልማድ ዶክተር ይሉኛል። አምና በጥቅምት 28 በሬ ገዝተው በመተማ አሻግረው፣ ገዳሪፍ ዳር በተከራዩት ግቢ ሦስት ወር አድልበዋል። መኖው ለሁሉም አንድ ነበር፤ የማሽላ አገዳ፣ በላዩም ፋጉሎ፣ ሱዳኖች ኡምባዝ የሚሉት። ከ28ቱ 17ቱ እንደታሰበው ሰቡ። 11ዱ ግን አጥንታቸው እንዳገጠጠ ቀረ።

«ዶክተር፣ እኩል በሉ፣ እኩል ጠጡ፣ እኩል ግን አልደለቡም» አሉኝ።

መጀመሪያ እረኛውን ጠረጠሩ፤ ፋጉሎውን እየሸጠው እንደሆነ። ቀጥሎ ፋጉሎ ሻጩን ጠረጠሩ፤ አፈር ቀላቅሎ እንደሆነ። የሰው ዓይንም ሳይጠረጠር አልቀረም። በመጨረሻ በሬዎቹ ሲታረዱ ሥጋ ሻጩ «ከአንተ በሬዎች ጉበት ብዙው ተጣለ» አላቸው። ስንቱ? አያውቅም። ከየትኞቹ በሬዎች የወጣው? እሱንም አያውቅም። ጋሼም ነገሩን አልገፉበትም። «ጉበቱ የሥጋ ሻጩ ነው፤ እኔ የሸጥኩት በሬ ነው፣ ምን አገባኝ» አሉ።

ይህችን «ምን አገባኝ» ከመተማ እስከ ካርቱም ከብት ከሚነግድ ሰው አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው። የጉበት ትል የሥጋ ሻጭ ኪሳራ ተደርጎ ይታያል፣ ምክንያቱም ሰው በዓይኑ የሚያየው የሚጣለውን ጉበት ብቻ ነው። ከኪሳራው ትልቁ ድርሻ ግን በሬው በቁሙ ሳለ፣ በነጋዴውና በአድላቢው እጅ እያለ ያለቀ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አብዛኛው በዓይናችሁ ያያችሁት ስለሆነ አላስረዝመውም። ትሉ ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ነው፤ በጉበት ውስጥ ባለው የሐሞት ቧንቧ ይኖራል። አንዱ ትል በቀን እስከ 20 ሺህ እንቁላል ሊጥል ይችላል። እንቁላሉ ከእበት ጋር ይወጣል፤ ውሃ ካገኘ ይፈለፈላል፤ ከዚያም ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይባዛል። ከቀንድ አውጣዋ ሲወጣ በውሃ ዳር ሣር ላይ ይጣበቅና በጥቃቅን ሽፋን ተጠቅልሎ ይጠብቃል። በሬው ሣሩን ሲበላ እጩ አንጀቱን በስቶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ለሳምንታት ጉበቱን እየቦረቦረ ይዞርና የሐሞት ቧንቧው ውስጥ ሲደርስ ያድጋል፣ ደም ይመጥጣል። ከሣር እስከ እንቁላል መጣል ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ በቆላው ዓይነት ደግሞ እስከ አራት ወር።

ከዚህ ውስጥ ለነጋዴ የሚጠቅሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ትሉ ከበሬ ወደ በሬ አይተላለፍም፤ በበሬው ሆድም አይባዛም። በጉበቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትል አንድ ቀን ከአንድ ጨፌ ሣር ጋር የተዋጠ ነው። ስለዚህ በደረቅ ግቢ፣ በአገዳና በፋጉሎ የሚቀለብ በሬ አዲስ ትል አይጨምርም፤ ይዞት የመጣውን ግን ከዓመት በላይ ተሸክሞት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛ፣ በጥቅምት የተገዛ በሬ በነሐሴና በመስከረም የዋጠው ትል ገና ጉበቱን እየቦረቦረ ነው። እንቁላል አልጣለም፤ በእበት ምርመራም አይገኝም። «አስመርምሬዋለሁ፣ ነጻ ነው» የሚል ሻጭ ሳይዋሽም ሊያሳስታችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ኪሳራው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ በጎች ላይ የጉበት ትል የሚያደርሰውን ጉዳት በብር ተምኖ ነበር፤ በዓመት 48.4 ሚሊዮን ብር፣ በዚያ ዘመን ብር። ለእኔ ከድምሩ ይልቅ ክፍፍሉ ይበልጥብኛል። 46.5 በመቶው በሞት የመጣ ነው፣ 48.8 በመቶው በክብደት መቀነስና በመራባት መጓደል። በቄራ በተጣለ ጉበት የመጣው 4.7 በመቶው ብቻ ነው። በግ በሬ አይደለም፤ በሬ እንደ በግ ቶሎ አይሞትም፣ ለዓመታት ተሸክሞት ይሄዳል። የሞቱን ድርሻ ብትቀንሱትም ግን የሚጨምረው የጉበቱ ሳይሆን የክብደቱ ኪሳራ ድርሻ ነው። ለዳልጋ ከብት በ1979 እ.ኤ.አ. የተደረገ ግምት የአገሪቱን ጉዳት በዓመት 350 ሚሊዮን ብር አድርሶት ነበር፤ የዚያን ጊዜ ብር ምን ያህል ይገዛ እንደነበር አባቶቻችሁን ጠይቁ።

እንግዲህ ክብደቱን እንቁጠረው። በ2021 እ.ኤ.አ. በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንተና ወጥቶ ነበር። በእሱ መሠረት የጉበት ትል ያለባቸው እንስሳት በየቀኑ የሚጨምሩት ክብደት በአማካይ በ9 በመቶ ያንሳል። አንድ ጤነኛ በሬ በቀን 800 ግራም ይጨምራል ብንል በ90 ቀን 72 ኪሎ ነው። ከዚህ 9 በመቶ ሲነሳ 6 ኪሎ ተኩል ይቀራል ማለት ነው። ለ30 በሬ ሲሆን 195 ኪሎ ገደማ፤ አንድ ወይፈን ሙሉ በሉት። ይህ ወይፈን መኖውን በልቶ፣ የግቢውን ኪራይና የእረኛውን ደመወዝ አስወጥቶ፣ ለሽያጭ ግን አልቀረበም። አማካይ ደግሞ ጭቅጭቅ አያጣውም። ጥቂት ትል ያለበት በሬ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ብዙ ትል ያለበት ደግሞ እንደ ጋሼ 11 በሬዎች ጭራሽ አልሰባም ሊል ይችላል።

የእነዚያ 11 በሬዎች ችግር ሁሉ የጉበት ትል ነው ብዬ አልምልም። ጉበታቸውን አላየሁም፤ ያየው ሰውም አልጻፈውም።

የአድላቢ ንግድ ስልቱ ከሲታ በሬ በርካሽ መግዛት ነው፤ አጥንቱ ትልቅ፣ ሥጋው ትንሽ፣ ከእርሻ የወጣ። በክረምቱ ሲያርስ ከርሟል፣ መኖ አጥሮት ከስቷል፣ በደንብ ሲበላ በፍጥነት ይተካል። ስልቱ ትክክል ነው። ችግሩ ከሲታ በሬ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ የከሳው ርቦት ነው፤ ሌላው የከሳው ጉበቱ ስለተበላ ነው። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ናቸው፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። የመጀመሪያው ያተርፋችኋል፣ ሁለተኛው ያስከፍላችኋል። ሻጩ ገበሬ ግን ያውቃል። ከየትኛው ጨፌ እንደጋጠ፣ ባለፈው ዓመት መንጋጋው ሥር አብጦ እንደነበር ያውቃል። ደላላው አይነግራችሁም፣ ብዙ ጊዜም አያውቅም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ ጽፎ በኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ፍሬ ነገሩ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገዢው ለሁሉም መኪና የመካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩ መኪና ያለው ሰውም ከገበያው ይወጣል የሚል ነው። የፎገራ ወይም የደምቢያ ገበሬ በሬውን በደንብ አክሞ ቢያመጣ ከጎረቤቱ በሬ አንድ ብር አይበልጥለትም። ታዲያ ለምን ያክመዋል? እኛ ሐኪሞች ገበሬውን «አታክምም» እያልን እንወቅሰዋለን፤ ዋጋውን የምትሰጡት ግን እናንተ ናችሁ።

ወደ መነሻው ቦታ ልምጣ፤ እውቀቱ ያለው እዚያ ነውና። በ1998 እ.ኤ.አ. ይልማ ጆብሬና ጆን ማሎን የኢትዮጵያን የጉበት ትል አደጋ በከፍታ፣ በዝናብና በሙቀት ካርታ ላይ አውጥተውት ነበር። ጥቅል መልእክቱ እንዲህ ነው፤ ከ1,800 ሜትር በላይ የደጋው ዓይነት ትል፣ ከ1,200 በታች የቆላው ዓይነት፣ መካከሉ ላይ ሁለቱም። የጣና ዙሪያ ሜዳ ደግሞ በትክክል ድንበሩ ላይ፣ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረውን ባህር ሽሽ መሬት ገበሬው ከኅዳር ጀምሮ ከብት ያሰማራበታል። ሌላው አገር ሲደርቅ እዚያ ሣሩ ለምለም ነው። ቀንድ አውጣዋም እዚያው ናት። ይልማና ባልደረባቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በጎንደር ቄራ በበጋ ከታረዱት ከብቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጉበታቸው ውስጥ ትሉ ተገኝቷል። ከበጋው በፊት ከሚመጣው ከብት ይልቅ በየካቲት የሚመጣው ይሻላል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ካለ ይህን ቁጥር ደግሞ ያንብበው። በየካቲት የባህር ሽሽ ከብት አዲስ ትል ገና መዋጡን አላቆመም።

ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ቄራዎች ብዙ ጥናት ተሠርቷል፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ደረቅ ተዳፋት ከሆነ አካባቢ ጥቂት፣ ከጨፌና ከመስኖ አካባቢ ብዙ። መስኖ የሚለውን ቃል አስምሩበት። በሜጫ ቆጋ ግድብ ሥር፣ በጀዚራ ቦዮች ዳር፣ የትም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚቆምበት ቦይ ለቀንድ አውጣዋ ክረምት ሆኖ ይከርማል። የሩዝ አገሩን ገለባም እንዲሁ እዩት፤ ከውሃ መሐል ታጭዶ እርጥቡን የመጣ ገለባ ሣሩን ይተካል፣ ትሉንም እንዲሁ። በደንብ የደረቀና የከረመ ገለባ ግን አያሰጋም።

ጥናቶቹን ሳነብ የምናደድባት አንድ ነገር አለች። ብዙዎቹ «ለጉበት ትል የሚያጋልጡ ምክንያቶች» ብለው ዝርዝር ያወጡና ከሲታነትን ከውስጡ ያስገባሉ። ከሲታ ከብት ላይ ትሉ በብዛት ተገኝቷል፣ ስለዚህ ከሲታነት ያጋልጣል ይላሉ። ከብቱ የከሳው እኮ በትሉ ሊሆን ይችላል! እግር የተሰበረ ሰው ያነክሳልና ማንከስ እግር ይሰብራል እንደማለት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ከብቱ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ በቄራ የሚታወቅ ነገር አለመኖሩ ነው። ሦስት ደላላና ሁለት ገበያ አልፎ የመጣ በሬ «ከጎንደር» ተብሎ ይመዘገባል። ከጎንደር የት? ከደምቢያ ጨፌ ነው ወይስ ከደረቅ ገመገም? ዋናውን የአደጋ ምክንያት የያዘው ይህ መልስ በደላላው እጅ ላይ ጠፍቷል።

ሱዳንም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ እዚህ የሚበዛው የቆላው ዓይነት ትል ነው፤ መጠኑ ይረዝማል። በነጭ አባይ ዳር፣ በኮስቲና በድዌም አካባቢ የታወቀ የቆየ ችግር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ክረምት ደግሞ ማናጊል በጎርፍ ስትጥለቀለቅ አይታችኋል። ስለዚህ ከመተማ ያሻገራችሁትን በሬ በጀዚራ ቦይ ዳር ወይም በወንዝ ዳር ሣር ላይ ካሰማራችሁት ከላይ ያልኩት «አዲስ ትል አይጨምርም» የሚለው አይሠራም። ደረቅ ግቢ ማለቴ ደረቅ ግቢ ነው።

ስለ ጤና ሰርተፍኬቱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በእሱ ይጽናናልና። ለድንበር የሚጻፈው ወረቀት የተሠራው ከብት ከከብት ለሚያጋባቸውና አገርን ለሚያሰጉ በሽታዎች ነው፤ ለአፍተግር፣ ለሳንባ በሽታ፣ ለመሳሰሉት። የጉበት ትል የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከሚያስመዘግባቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ንግድ ሊያስቆም የሚችል በሽታም አይደለም። ክትባትም በገበያ ላይ የለውም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ፣ ሕጋዊ ሆኖ፣ ጉበቱ የተበላ በሬ ድንበር ይሻገራል። ይህን ስል ሰርተፍኬቱ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በሐምሌ መተላለፊያው እንደገና ሲከፈት በወረቀት የተሻገረና ያለ ወረቀት የቆመ ማን እንደሆነ እናንተው አይታችኋል። የምለው፣ ያ ወረቀት ስለ ጉበቱ አንድም ቃል አይናገርም ነው።

መድኃኒቱ ላይ ስንመጣ የማየው ልማድ ይህ ነው። ነጋዴው በሬውን በገዛ ዕለት ወይም ድንበር ሊያሻግር ሲል ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የአልቤንዳዞል ክኒን ያስውጣል። ገንዘብ አውጥቷል፣ ሕሊናውም አርፏል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ትልቁ የአልቤንዳዞል ክኒን 2,500 ሚሊ ግራም ነው። ለጉበት ትል የሚያስፈልገው በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንዱ ክኒን የሚበቃው ለ250 ኪሎ በሬ ነው። የእናንተ በሬ 320 ኪሎ ከሆነ በኪሎ 8 እንኳ አልደረሰውም። ለአንጀት ትል ይበቃ ይሆናል፤ ለጉበት ትል አይበቃም። ይህም ሆኖ፣ መጠኑ ቢሟላ እንኳ አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን፣ ሦስት ወር ገደማ የሞላውን ትል ነው። በጥቅምት የተገዛ በሬ ጉበት ውስጥ ያለው አብዛኛው ትል ገና ለዚያ አልደረሰም። ክኒኑ ሲያልፍ ትሉ ይቀራል፤ በማድለቢያው ግቢ፣ በእናንተ ፋጉሎ ያድጋል።

ጎርምሶ ጉበት የሚቦረቡረውንም ሆነ ያደገውን የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ መጠኑ በኪሎ 12 ሚሊ ግራም። ዋጋው ይበልጣል፣ በየመደብሩም አይገኝም። ክብደቱን በዓይን አትገምቱ፤ በደረት ዙሪያ የሚለካ የክብደት ሜትር ርካሽ ነው፣ ከአንድ የተሳሳተ ክኒን አይበልጥም። ከዓይን ግምት የሚመጣ ያነሰ መጠን ሌላም ጣጣ አለው፤ ትሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል። ይህ ወሬ አይደለም፤ አውስትራሊያ ውስጥ ትሪክላቤንዳዞልን የተቋቋመ ትል በ1995 እ.ኤ.አ. ተመዝግቦ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ታይቷል። ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቅበት ጊዜ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ተጽፏል። በአሥር ቀን ውስጥ ለሚታረድ በሬ መስጠት ለሚበላው ሰው መድኃኒት ማብላት ነው፤ ለእናንተም አንድ ግራም ሥጋ አይጨምርም።

ታዲያ ለማን ይሰጥ? እዚህ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነሱ «ሁሉም ከብት ይታከም» ይላሉ፤ ለሕዝብ ዘመቻ ጥሩ ንግግር ነው። ለነጋዴ ግን መልሱ ከበሬው መነሻ ይወሰናል። ከአሥር በሬ ስምንቱ ትል ከሚኖርበት ጨፌ የመጣ መንጋ ነው እንበል፤ ለ90 ቀን ሲደልብ በአማካይ በእያንዳንዱ በሬ 5 ኪሎ ገደማ ታጣላችሁ። ከአሥር አንዱ ብቻ ከሚኖርበት ደረቅ አገር የመጣ ከሆነ ግን ከአንድ ኪሎም ያነሰ ነው። የመድኃኒቱን የዛሬ ዋጋ ጠይቁና ከአምስት ኪሎ የቁም ክብደት ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ ከአንድ ኪሎ ዋጋ ጋር። በመጀመሪያው ሳታመነቱ ታክማላችሁ፤ በሁለተኛው ምናልባት አታክሙም፣ እኔም አልፈርድባችሁም። ለቀጥታ እርድ ለሚሄደው ደግሞ በፍጹም አትስጡ። መነሻውን ያላወቀ ነጋዴ ግን ሦስቱንም አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ወይ ለሁሉም ያስውጣል፣ ወይ ለማንም አያስውጥም። ሁለቱም ገንዘብ ያባክናል።

አንድ ሌላ ነገር። ከገበሬውና ከነጋዴው፣ በአንድ ሕክምና ብዙ የሚጠቀመው ነጋዴው ነው። የፎገራ ገበሬ ዛሬ ቢያክም ነገ በሬው ያንኑ ጨፌ ይግጣል፤ በየዓመቱ ሁለቴ ማከም አለበት። እናንተ ግን በሬውን ከጨፌው አውጥታችሁ ደረቅ ግቢ ታስገቡታላችሁ። አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው መድኃኒት፣ በትክክለኛው መጠን፣ በማድለቢያው የመጀመሪያ ቀናት ከሆነ ለ90ው ቀን ሁሉ ይበቃችኋል። የመንግሥት ዘመቻ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።

በገበያ ላይ ስትቆሙ ዓይናችሁ የሚያያቸው ምልክቶችም አሉ። የዐይኑን ሽፋን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ የገረጣ ነጭ ከሆነ ደም አጥቷል። መንጋጋው ሥር እብጠት ካለ ዳብሱት፤ ማታ ኖሮ ጠዋት ሊጠፋ ይችላል። ፀጉሩ ቆሞ፣ ሳይላስ የቀረ ከመሰለ አስቡበት። ግን እነዚህ ሌላም ምክንያት አላቸው፤ ብዙ ትል ይዞ አንዱንም የማያሳይ በሬም ሞልቷል። ዓይናችሁ ከባድ የታመመውን ብቻ ነው የሚለይላችሁ።

እዚህ ካርቱም ማራራ ሲበላ ባየሁ ቁጥር፣ የኛን ጥሬ ጉበትና ዱለት እያስታወስኩ፣ «ትሉ ሰውን በጉበት በኩል ይይዛል ወይ» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የተለመደው መንገድ ያ አይደለም፤ ሰውም እንደ በሬው የሚይዘው በውሃ ዳር ከሚበቅል ጥሬ ቅጠል ነው። ጥሬ ጉበት ግን ሌላ ጉድ አያጣም፤ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አይደለም።

ጋሼን ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ደብተራቸው ላይ የበሬው ዋጋ፣ የመኪናው፣ የቀረጡ፣ የደላላው ሁሉ ተጽፏል፤ የጋጠበት ቦታ ግን የለም። ከዋጋው ጎን አንዲት መስመር ጨምሩ አልኳቸው። ሻጩን በቀጥታ ጠይቁ፤ ደላላውን ሳይሆን ገበሬውን። ክረምቱን የት ከረመ፣ በጋው ላይ ባህር ሽሽ ወርዶ ነበር ወይ፣ መድኃኒት መቼ ጠጣ፣ የቱን? ቀበሌውን ጻፉ። በሬው ቀንድ ወይም ሽንጥ ላይ በቀለም አንድ ቁጥር ይኑረው፣ ለየመነሻው ቀለሙ ይለያይ። ሥጋ ሻጩም ሲያርድ ቀዩ ቀለም ያለበት ስንት ጉበት ተጣለ፣ ሰማያዊው ስንት ብሎ ይንገራችሁ። ለዚህ ሥራው ትንሽ ብር ብትሰጡትም አያስቆጭም። ተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ቀለምና ቁጥር በአረብኛም በአማርኛም ያው ነው።

«ይህን ሁሉ ደብተር ማን ይይዝልኛል?» አሉ።

የወንድማቸው ልጅ እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ኮሌጅ የጨረሰ ነው፣ ቀድሞውኑ ስልኩ ላይ የመኪና ሒሳብ ይይዛል። የፈሩት ሌላ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻውን «የጨፌ በሬ በዚህ ዋጋ አልገዛም» ካለ በሬው ለሌላው ይሸጣል፤ ተወዳዳሪው ይወስደዋል። እውነት ነው፤ ተወዳዳሪው ግን ኪሳራውንም ይወስደዋል፤ ጋሼ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ገበያ የቱን በሬ እንደሚያመጣ በቁጥር የሚያውቁ ብቸኛው ሰው ይሆናሉ። ለታከመ በሬ ጥቂት ብር ጨምረው ከአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ጋር ቢስማሙ፣ መድኃኒቱን ገዝተው ከሁለት ሳምንት በፊት ቢያስውጡ፣ የገዙት ከሲታ የራበው ከሲታ ይሆናል። ይህን ለማድረግ ማኅበር አያስፈልግም፤ ሦስት ወይም አራት ነጋዴ በአንድ መስመር ቢስማማ ግን ይበልጥ ይቀላል፤ ቄራው ላይም ሥጋ ሻጩ ይሰማቸዋል።

አንድ የገዳሪፍ ሥጋ ሻጭ ባለፈው ዓመት የነገረኝን ልጨምር። የኢትዮጵያ በሬ ሲገዛ ለጉበቱ ምንም ዋጋ እንደማያስብ፣ «ይጣላል» ብሎ ከመጀመሪያው እንደሚቀንስ ነግሮኛል። ከደረቅ አገር የመጣውም፣ ንጹሕ ጉበት ያለውም ያው ቅናሽ ይደረግበታል። ለምን አትለይም ስለው «በምን ልለይ?» አለኝ።

ጋሼ ዘንድሮ 30 በሬ ይገዛሉ፤ 15ቱን ከደምቢያ፣ 15ቱን ከደረቁ ወገን። የደምቢያዎቹን ቀይ ቀለም ይቀባሉ፤ ገዳሪፍ ግቢው ሲገቡ ክብደታቸው ተለክቶ ትሪክላቤንዳዞል ይሰጣቸዋል፤ የደረቁ ወገን ግን አይሰጣቸውም። ጉበቱን የሚቆጥረው ያው አምና «ተጣለ» ብሎ የነገራቸው ሥጋ ሻጭ ነው፤ በስልክ ተስማምቷል። ውጤቱ በጥር መጨረሻ ይታወቃል፤ እሳቸው ፈቃደኛ ከሆኑ እዚሁ አቀርበዋለሁ።